የሌንሳ ባት

አሰላ ውስጥ ባቱን የሚያመው ሯጭ ሐኪም አጥቶ አያውቅም፤ መንደርተኛው ሁሉ ሐኪም ነዋ! የጎረቤቴ የጋሽ ቶለሳ ልጅ ሌንሳ ልምምድ በሠራች ቁጥር ባቷን ሲያማት፣ አንዱ «የጭላሎ ተራራ ብርድ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ዓይን ነው» አለች። አባቷ ግን «ስንፍና ነው» ብለው፣ ከአሠልጣኟ ስትመለስ ራሳቸው እንደገና ያስሮጧት ጀመር። የክልሉ ሯጮች ምርጫ ሲቃረብ ልጅቷ መራመድ አቃታት። ተያይዘን ሐኪም ቤት ሄድን።

«የምታርፊው መቼ ነው?» አላት ሐኪሙ።

ጋሽ ቶለሳ ቀድመው መለሱ፤ «ሲያማት ነዋ!»

«ታዲያ እግሯ ለማረፍ ሌላ ምን ያድርግ፣ ጋሼ?»

ሌንሳ አርፋ ዳነች፤ ምርጫውንም አለፈች። አሁን የሚያማቸው ጋሽ ቶለሳን ነው። እሁድ ጠዋት ልጅ ተኝታ እያዩ ዝም ማለት ቀላል በሽታ መሰላችሁ?