የአንዋር ሳጥንና የሐጃ ዚር

«እማዬ፣ አሻንጉሊቶቹም ከሱ ጋር ያድጋሉ?»

ይህን የጠየቀችኝ ልጄ ሐያት ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። ልጅ ጨረቃ ለምን ትከተለኛለች ብሎ ሲጠይቃችሁ አላህ ያውቃል ብላችሁ ታልፋላችሁ። መልሱን ራሱ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ነው የሚያስቸግር። እንዲህ ያለው ሲመጣ እናት ድስቷን ታማስላለች። እኔ የዚያን ዕለት የማማስለው ድስት አልነበረኝም።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁ፤ ትንሽ ዞር ማለቴን ግን ታገሱኝ።

ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ በየክፍሉ አንድ የማይነካ ሻንጣ አይታችኋል። አልጋ ስር ነው የሚቀመጠው። ወንበሩ ቢሰበር፣ አንሶላው ቢሳሳ፣ ያ ሻንጣ አይከፈትም፤ «የአገር ቤት» ነዋ። ውስጡ ፌስታሉ ያልወለቀለት ብርድ ልብስ አለ፣ አንድም ከንፈር ያልነካው የብርጭቆ ስብስብ አለ። ባለቤቲቱ ራሷ ጠርዙ በተሸረፈ ኩባያ ውሃ ትጠጣለች። እናንተም በልባችሁ ትታዘቧታላችሁ፤ ከዚያ ቤታችሁ ትገቡና የራሳችሁን ሻንጣ በእግራችሁ ገፋ አድርጋችሁ ትተኛላችሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ ማንንም የመውቀስ አፍ የለኝም። የኔ ሻንጣ እንኳ አልነበረም። የካርቶን ሳጥን ነበር። ብርጭቆ አልነበረበትም፤ አሻንጉሊት ነበረበት።

የማወራው ጥይቱ ከመምጣቱ በፊት ስለነበረው ካርቱም ነው። ጀብራ በሚባለው ሰፈር፣ ሐጃ ሱዓድ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ከሐያት ጋር እኖር ነበር። አባቷ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ስለሚሠራ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። እኔ በየጠዋቱ ሐፍላ፣ ማለት አውቶቡሳቸውን፣ ተሳፍሬ ሪያድ ወደሚባለው የሀብታም ሰፈር እሄዳለሁ፤ ከአንድ ቤት አጥባለሁ፣ እጠርጋለሁ። የዚያ ቤት ልጆች ሦስት ናቸው፤ የአሻንጉሊቶቻቸው ዕድሜ ግን አጭር ነው። ሰኞ የተገዛው ሐሙስ ከደረጃው ስር ይገኛል። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና «የጣሉትን ልውሰድ?» አልኳት እመቤቲቱን። ከስልኳ ቀና ሳትል «ያላ፣ ውሰጂው» አለችኝ። ቤቱ እንዲጸዳላት እንጂ ሌላ ምን ትፈልጋለች።

እንዲህ ተጀመረ። ሦስት ጎማ ያለው ቢጫ የጭነት መኪና አገኘሁ፤ አራተኛውን ጎማ ከለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ሠራሁለት። አንድ ዓይኑ የወለቀ ድብ አመጣሁ፤ ከሥራ ቀሚሴ ቁልፍ ፈትቼ ሰፋሁበት፤ አንድ ዓይኑ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ከበሮ የሚመታ ዝንጀሮም ነበረኝ፤ አንዴ ይመታና ለረጅም ጊዜ ያስባል። በሳሙና አጥባለሁ፣ ፀሐይ አሰጣለሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ እከታለሁ። ሐያት አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ታያለች። መንካት ክልክል ነው። «የወንድምሽ ነው» እላታለሁ፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል።

ወንድሟ አንዋር ነው። ከመጀመሪያው ትዳሬ የወለድኩት። ኮምቦልቻ ታላቅ እህቴ ጋ ትቼው ስወጣ አራት ዓመቱ ነበር። የወጣሁ ለታ የድስት ክዳን እንደ መሪ ይዞ ሲነዳ አምሽቶ፣ ክዳኑን እንዳቀፈ ተኝቶ ነበር። አልቀሰቀስኩትም። መኪና የማበዛው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል።

«ታዲያ ለምን አልላክሽለትም?» ትሉኝ ይሆናል። ወደ አገር የሚሄደው ሰው ሁሉ ሻንጣው ጠባብ ነው፤ «ልብስ ከሆነ እሺ፣ ይሄ ቦታ ይበላል» ይለኛል። እኔም ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለቴ ነው፣ አንዴ ስለሚቃጠል አንዴ ስለሚታደስ፣ ወጥቼ መመለሱ ያስፈራኛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ። ብልከው ሳጥኑ ባዶ ይሆናል። ባዶ ሳጥን ይዞ ማደርን አልቻልኩበትም።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ።

ሐጃ ሱዓድ ከግቢያቸው በር ውጭ፣ ከአጥሩ ጥላ ስር፣ ዚር የሚሉትን ትልልቅ የሸክላ እንስራ ሦስት ደርድረዋል። ለመንገደኛ ነው። ባላቸው ሐጅ እኔ ሳላውቃቸው ነው የሞቱት፤ ሐጃ ዚሮቹን በባላቸው ስም አቁመው «እኔ በሕይወት እያለሁ አይደርቁም» ብለው ነይተዋል። በዚያ ሙቀት የሪክሻ ነጂው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፣ በሰንሰለት በታሰረችው ጣሳ እየቀዳ ይጠጣል፣ ሐጅን አላህ ይማራቸው ብሎ ይሄዳል። ዚሮቹን የሚሞላው ጣራ ላይ ካለው ታንከር የሚወርድ ቧንቧ ነው። ቧንቧው የሚያልፈው በየት ይመስላችኋል? በኔ ክፍል ግድግዳ ውስጥ።

መጀመሪያ መዳፍ የምታህል እርጥበት ታየች። በሳምንቷ አንሶላ አከለች። ባልዲ ደቀንኩ፣ አልጋ አነሳሁ፣ ጨርቅ ጨመቅኩ። የቧንቧ ሠራተኛ መጣና ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ ቧንቧው ውስጥ ውስጡን በልቷል፣ ሦስት ቀን ውሃ ዘግቶ ግድግዳ ማፍረስ ነው አለ። ሐጃ ፊታቸው ተለወጠ።

«በዚህ በጋ? ዚሩን ላደርቀው?» አሉት። ወደኔ ዞር ብለውም «ኡም ሐያት፣ ውሃ እኮ ነው፣ እሳት አይደለም። ክረምቱ እስኪገባ ታገሺኝ» አሉኝ።

ሱዳኖች እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠሯት፤ ለዚያውም በበኩሯ። እኔን ኡም ሐያት፣ የሐያት እናት፣ ይሉኛል፤ ያዩት እሷን ብቻ ነዋ። አምስት ዓመት በዚያ ግቢ ስኖር አላረምኳቸውም።

ምን ልበላቸው? የኔ ግድግዳ እንዲደርቅ መንገደኛ ይጠማ? ለሞተ ሰው የሚደረግን ሰደቃ አቁሙልኝ ይባላል? ሰብር አደረግሁ፣ ቻልኩት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ግማሹ ሰብር ነበር፣ ግማሹ አፍ ማጣት።

ክፍላችን እንደማንኛውም ክፍል አራት ጥግ አላት። ሁለቱን ውሃው ወሰደ፣ አንዱን በሩ። አንድ ደረቅ ጥግ ቀረን። ሳጥኑን እዚያ አስቀመጥኩ። የሐያትን ፍራሽ ወደ እርጥቡ ግድግዳ ጠጋ አደረግሁ።

«እኔ ለምን እዚያ አልተኛም?» አለችኝ።

«ሳጥኑ እንዳይረጥብ ነው።»

«እኔስ?» አላለችም። ሳለች ብቻ።

ያን ሳል ሰምቼ ለአራት ቀን ደረቷን በቅቤ አሸሁላት። ሳጥኑን ማንሳት ግን አልታየኝም። ሰው ዓይኑ እያየ የማያይበት ቦታ አለው፤ የኔ ያ ጥግ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓርብ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ከግቢው በር ጀምሮ መሬቱ ርሶ አገኘሁት። ሮጥኩ። ክፍሌ ስደርስ የግድግዳው ልስን ወርዷል፣ ቧንቧው ፈንድቷል፣ ውሃው ወለሉ ላይ ተኝቷል። ውሃ ከግድግዳ ሲወርድ ደረቅ የነበረው ጥግ፣ ውሃው ወለል ላይ ሲሆን ዝቅተኛው ጥግ ሆኖ ተገኘ። የሳጥኑ ቂጥ ቀልጧል። ዘጠኝ ዓመት የሰበሰብኩት ከውስጡ ወጥቶ ሄዷል።

ወዴት እንደሄደ ያየሁት ዞር ስል ነው። ሐጃ ሱዓድ ቶባቸውን፣ የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ግቢው መሀል ባለችው የገመድ አልጋ ላይ አሻንጉሊቶቹን ደርድረው፣ አንድ በአንድ በፎጣ ያደርቃሉ። ሐያት እያቀበለቻቸው ነው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነክታቸዋለች፤ እንደ እንቁላል ነው የያዘቻቸው።

«ይሄ ሁሉ የማን ነው? ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አሉኝ ሐጃ።

«የልጄ ነው፣ ሐጃ። አገር ቤት ያለው።»

እጃቸው ቆመ። «ወንድ ልጅ አለሽ?»

«አለኝ። አንዋር ይባላል።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አራት» አልኳቸው።

ወላሂ አላሰብኩበትም፤ አፌ ነው ያለው። ለጎረቤትም፣ ለመንገደኛም፣ ለራሴም የምለው አራት ነበር። ሐያት የጭነት መኪናውን እንደያዘች ግንባሯን ቋጠረች። እዚያው ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ እንደዚሁ ነው፣ ግማሹ ዓረብኛ፤ ሂሳብ ግን ትችላለች።

«እኔ ሰባት ነኝ» አለች። «እሱ ታላቄ ነው፤ ሙሽ ኪዳ?» አይደለም እንዴ ማለቷ ነው።

«ነው» አልኳት።

ድቡን አየችው። ጥቁሩን ዓይን፣ ከዚያ ሰማያዊውን። ከዚያ ነው ያን የጠየቀችኝ። አሻንጉሊቶቹም ከሱ ጋር ያድጋሉ?

ተስቢሕ እንደማደርግ በጣቶቼ አንጓ ቆጠርኩ። ያለሱ ያፈጠርኩት ረመዳን ዘጠኝ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው ልጄ። የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ድብ ቢላክለት ከጓደኞቹ ይደብቀዋል። እህቴ ለወራት «ልጁ ያፍራል፣ ስልክ አልመጣም ይላል» ስትለኝ፣ እኔ ከእህቴ ቀሚስ ኋላ የሚደበቅ ትንሽ ልጅ ነበር የሚታየኝ። ለካ የሚያፍረው ሌላ ልጅ ነው። እኔ የማላውቀው።

ሐጃ አልሳቁም። ቀስ ብለው የድቡን ውሃ ጨመቁ።

«እኔ ለሞተው ሰው በየቀኑ አፈሳለሁ» አሉኝ፤ «አንቺ በሕይወት ላለው ትቆልፊያለሽ። እኔና አንቺ ማንኛችን ነን ጤነኛዋ?»

ድቡን ለሐያት ሰጧት፤ እኔን አላስፈቀዱም። በዚያ ዕድሜያቸው መሰላሉን ወጥተው ጣራው ላይ ደረሱ፣ የታንከሩን መዝጊያ በገዛ እጃቸው አጠበቁት። ሲወርዱ እያለከለኩ «ሐጅ ሦስት ቀን ይታገሰኝ» አሉ። «በሕይወቱም ቢሆን ቶሎ የሚጠማው ሰው አልነበረም።»

ለኔና ለሐያት በረንዳቸው ላይ አነጠፉልን። ሐያት ድቡን አቅፋ ተኛች፤ እኔም አልከለከልኳትም። ሐጃ መብራቱን ሊያጠፉ ሲሉ «ደህና እደሪ፣ ኡም አንዋር» አሉኝ። በዚያ አገር በዚህ ስም ሰው ሲጠራኝ የመጀመሪያዬ ነው። ማን እንደተጠራ ለመረዳት ትንሽ ቆየሁ።

በማግስቱ ሱብሒን ሰግጄ ስልክ ደወልኩ። የወንድ ድምፅ፣ ወፍራም፣ «ሃሎ» አለኝ። የእህቴ ባል መሰለኝ።

«እንደምን አደሩ፣ ይቅርታ፣ አንዋርን ቢያገናኙኝ» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ትምህርት እንዴት ነው፣ ጤና እንዴት ነው የሚባለውን ስንቴ ተባብለነዋል። አንድ የማላውቀውን ነገር ልጠይቀው አልኩ።

«አንዋር፣ ስንት ቁጥር ጫማ ነው የምታደርገው?»

«ለምን?»

«ላውቀው ነው፣ ልጄ።»

«አርባ» አለኝ። ስልኩን ግን ለእህቴ አልመለሰም፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። እኔም አልዘጋሁም። እንዲሁ ቆየንና ካርዱ አለቀ።

አርባ ስንት ያህል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከሐጃ ደጃፍ ላይ የሐጅ የቆዳ ነጠላ ጫማ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደተቀመጠ ነበር፤ ሌባ ሲያልፍ ቤቱ ወንድ ያለበት እንዲመስለው ብለው ነው የማያነሱት። አምስት ዓመት በአጠገቡ ስመላለስ አንዴም ልብ ብዬው አላውቅም። አነሳሁትና ገለበጥኩት። ሶሉ ላይ አርባ ይላል። ግራ ቀኙን አይቼ፣ ሐጅን በልቤ ይቅርታ ጠይቄ፣ እግሬን አገባሁበት። ከተረከዜ ኋላ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ተረፈ።

ትንሽ ቆሜበት ቆየሁ። ከዚያ አወለቅኩት፣ አቧራውን በነጠላዬ ጠርጌ እንደነበረ አስቀመጥኩት፣ ባልዲዬን አንስቼ ከጎረቤት ውሃ እየቀዳሁ ሦስቱን ዚር ሞላሁ።