የተሳፈረው ለገሃር

ትርሲት ትናንት በጠራራ ፀሐይ ያየችውን ሕልም ስታወራ ሳቋ ይቀድማታል።

አርክቴክት ናት። በምሥራቅ ቆላ ባለች ከተማ የሚገኘውን፣ ሰዉ ለገሃር የሚለውን አሮጌ ባቡር ጣቢያ እንድታድስ ከተላከች ዓመት ሊሞላት ነው። ትናንት ጠዋት ከአለቃዋ ከአቶ አስራደ ጋር ተጨቃጭቀው ነበር። እሳቸው የመጠበቂያ አዳራሹ ከፍ ያለ የእንጨት ጣሪያ ተነቅሎ ዝቅ ባለ የጂፕሰም ኮርኒስ ይተካ ባይ ናቸው።

"ጋሼ፣ ነፋሱን የሚያሳልፈው እኮ እሱ ነው! ከተነሣ አዳራሹ ምድጃ ይሆናል" ብላ ለመነቻቸው።

"ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ ይጀምራሉ" አሏትና ሄዱ።

በምሳ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ ጋደም አለች፤ ሳይታወቃት እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

በሕልሟ፣ ባቡሮቹ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰዎቹ ደግሞ አንዱ የሌላውን ወገብ ይዞ "ጡጥ! ጡጥ!" እያሉ ሐዲዱ ላይ ይሮጣሉ። ጣቢያው ግን በቦታው የለም።

"ለገሃሩ የት ሄደ?" ብላ አንዱን ያረጀ ባቡር ጠየቀችው።

"ተሳፍሮ ሄዷል፤ ዛሬ ይመለሳል ተብሎ ነበር" አላት ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሣ። "እኛ ከቦታችን ንቅንቅ ብለን አናውቅም። ጣቢያ ግን ምን ቃል አለው!"

ወዲያው ለገሃሩ ከነሰዓቱ፣ ከነቅስቶቹ እያለከለከ ደረሰ። ባሕር ዳርቻ ከርሞ ኖሮ በረንዳው አሸዋ በአሸዋ ሆኗል። ትርሲት ልትጠርግለት ጎንበስ ስትል ራሷን ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ አገኘችው። አራት ምሰሶዎች ከበዋታል። ሰብሳቢያቸው ርግብ ናት። መነጽሯን አስተካክላ የትርሲትን ጉልበት በመንቁሯ ኳ ኳ አደረገችው።

"ውስጡ ባዶ ነው" አለች።

"እንግዲያው ትፍረስ" አለ ወፍራሙ ምሰሶ። "በቦታዋ ዘመናዊ ትርሲት እንሠራለን፤ ባለ መስታወት።"

"ኧረ በእናታችሁ! እኔ እኮ ቅርስ ነኝ!"

"ዕድሜሽ ስንት ነው?"

"ሠላሳ አራት።"

ምሰሶዎቹ ልስናቸው እስኪራገፍ ሳቁ። ይህን ጊዜ ጥግ ላይ የቆመው የእንጨት ደረጃ ተንቋቋ።

"እኔ እወዳታለሁ" አለ። "ጠዋት ጠዋት ስትወጣብኝ ታንጎራጉራለች። አዲሷ ማንጎራጎር እንደምትችል በምን አወቃችሁ?"

ርግቧ አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስታደርግ ቆየችና፣ "ጉልበቷ ይጠገን፤ ሌላውን እንዳትነኩ" ብላ ፈረደች።

ትርሲት ከደስታዋ ብዛት ቀለል አለችና ከጠረጴዛው ተነሥታ ተንሳፈፈች። ጣሪያው ሥር አየሩ ቀዝቃዛ፣ የቆየው እንጨት ሽታም ደስ የሚል ነበር። ሐዲዱ ላይ የሚሮጡት ሰዎች ባርኔጣቸውን አንሥተው "ጡጥ!" አሏት። ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት የመዶሻ ድምፅ ቀሰቀሳት።

ሠራተኞቹ መሰላል ላይ ወጥተው የመጀመሪያውን ሳንቃ ሊነቅሉ ነው። ደንግጣ ተነሣች። "ተው!" ልትል ስትል ከጎኗ ካለው ወንበር ሌላ ሰው ቀደማት። ጫማቸውን አውልቀው፣ ኮታቸውን ተንተርሰው የተጋደሙት አቶ አስራደ ነበሩ። ሙቀቱ መቆሚያ መቀመጫ ቢያሳጣቸው፣ በከተማው ውስጥ ጋደም የሚባልበት ቀዝቃዛ ቦታ ያገኙት እዚህ ብቻ ነበር።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጮኹ፦

"ማነህ አንተ! ውረድ! ጣሪያውን አትንካ! ሰው ተኝቷል፣ አይታይህም?"