ማስተር ገድሉና የብረት ሜትሩ

ሰፈር ያለ ፈሪ ሰፈር አይሆንም። አንዱ ቀድሞ ካልፈራ ሌላው በምን ይጀግናል? የሰፈር ፈሪ ማለት የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ መጀመሪያ መሬት ላይ የሚተኛው፣ ሰማዩ ጠቆር ሲል መጀመሪያ ልብስ ከገመድ የሚያወርደው፣ ስልኩ ሲጮኽ "ማን ሞተ?" ብሎ የሚያነሳው ሰው ነው። የሌለው ሰፈር የለም። የኛው፣ የዘንዘልማው፣ የሚለየው የቴኳንዶ አሰልጣኝ በመሆኑ ብቻ ነው።

ክቡር ማስተር ገድሉ የጥቁር ቀበቶ ባለቤት፣ የአሥራ ሁለት ስፖርተኞች አሰልጣኝ፣ የቁንዝላው አያታቸው የዱላ ምክት ብቸኛ ወራሽ ናቸው። ንግግራቸው በ"አይበለውና" ይጀምራል፤ "ለፈሪ ሜዳ አይነሱም" ብሎ ያልቃል። የእህታቸው ልጅ ቁንዝላ ላይ ስታገባ ዘመድ ሁሉ በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ ሄደ። እሳቸው "አይበለውና ብትገለበጥ" ብለው በመኪና በዱርቤቴ በኩል ዞሩ። መንገድ ተዘጋ ሲባል፣ ተከፈተ ሲባል፣ ሠርጉ አልፎ መልሱ ላይ ደረሱ። በስብሰባ ላይ መገኘትዎን ይፈርሙ ሲባሉም በገዛ ስማቸው ፈርመው አያውቁም፤ የሚስታቸውን ስም ይጽፋሉ። በዚህም የተነሳ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከቤታቸው ሳይወጡ በሰፈሩ አንደኛ ተሰብሳቢ ሆነዋል።

አሰልጣኝነታቸውም ከዚሁ የተቀዳ ነው። የሌላ ማስተር ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ቡጢ ይማራል። የሳቸው ተማሪ የሚማረው "መጀመሪያ መውጫውን እዩ" የሚለውን ነው። ከዚያ ዱላ ያስይዙና አንዱ ሲሰነዝር ሌላውን ያስመክታሉ። "ዱላ ከመነሳቱ በፊት ትከሻ ይናገራል። ትከሻውን ፍሩት!" ይላሉ። ምርጧ ተማሪያቸው ዜማ ባለፈው ውድድር ሦስት ዙር ሙሉ አንድም ምት ሳያርፍባት ቆይታ፣ ከግጥሚያ በመሸሽ በተሰጣት ቅጣት ተሸነፈች። ማስተር ገድሉ በደስታ አለቀሱ። "ጥርሷን ቁጠሩት፣ ሙሉ ነው!" እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ተናገሩ።

አንዱ ፍርሃታቸው ላይ ግን ማንም አይስቅም። እሱም የሜዳው ነው። ከኮብልስቶኑ ማለቂያ፣ ከባሕር ዛፎቹ በስተቀኝ ያለችው የማሰልጠኛቸው ሜዳ በአካባቢው የቀረችው የመጨረሻዋ ባዶ መሬት ናት። ጤፍ የሚዘራበት ሄደ፤ ከብት የሚሰማራበት ሄደ። አካሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ ሜትር ይመጣል፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ "ተነሺ" የሚባል ስም። ከዚያ ቆርቆሮ አጥር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ማስተር ገድሉ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ ሻርፕ የተከናነበች፣ ቦርሳ ያነገተች አንዲት ወጣት ሣሩ ላይ የብረት ሜትር ስትዘረጋ አዩ። ዜማ የሜትሩን ጫፍ ይዛላታለች። ወጣቷ ሰሚሐ ትባላለች፤ የባሕር ዳር የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ በስፖርት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። መምጣቷን ልታሳውቃቸው ሦስት ጊዜ ደውላ ነበር። ማስተር ገድሉ የማያውቁትን ቁጥር አያነሱም።

"እንደምን አደሩ ማስተር! ልለካ መጥቼ ነው።"

"ምኑን... ምኑን ነው የሚለኩት?" አሉ፣ በልጃቸው ዕድሜ ያለችውን ልጅ አንቱ እያሉ።

"መጀመሪያ ሜዳውን። ሃያ ሜትር ይበቃኛል። ከዚያ ልጆቹን ከዚህ አስነሳቸዋለሁ።"

"ያስነሷቸዋል?"

"አንድ በአንድ። ዛሬውኑ እጨርሳለሁ። እርስዎ እዚህ ላይ ይፈርሙልኛል፤ በፈቃድዎ መሆኑን የሚገልጽ ነው።"

ሜትር፣ ወረቀት፣ ማስነሳት። ለዓመታት የፈሩት ሁሉ በአንድ ጠዋት፣ በአንዲት ልጅ እጅ ተጠቃሎ መጣ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል እንደሚባለው በዚያ የጠዋት ብርድ ላብ በጀርባቸው ወረደ። ዓይናቸው እንደ ልማዱ መውጫውን ፈለገ። በስተግራ፣ በባሕር ዛፎቹ መሃል። አንድ እርምጃም ተራመዱ።

ያን ጊዜ ጫማዎቹን አዩ። አሥራ ሁለት ጥንድ ጫማ በሜዳው ዳር ተደርድሯል። ልጆቹ ሣሩ ላይ በባዶ እግራቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚህ ቢነሱ የት ሊሠለጥኑ ነው? ኮብልስቶኑ ላይ? አይበለውና ዜማ ኮብልስቶን ላይ በጀርባዋ ብትወድቅስ? አይበለውና ጭንቅላቷ ቢሆንስ? ይህ ፍርሃት ከሌላው ፍርሃታቸው ሁሉ በለጠ፤ እግራቸውንም መለሰው።

ከሰሚሐ ሁለት እርምጃ ርቀው በተዘረጋው ሜትር ግራና ቀኝ እግራቸውን ከፍተው ቆሙ።

"አልፈርምም" አሉ በቀጭን ድምፅ። "አልነሳም። ልጆቹም አይነሱም!"

ሰሚሐ ግራ ገብቷት ፎርሙን ታገላብጥ ጀመር፤ የትኛው ቃል እንዳስቆጣቸው ልታይ። ዜማ ከወዲያኛው ጫፍ ጮኸች። ያስተማሯትን አልረሳችም።

"ማስተር! መውጫው በግራ ነው!"

"ዛሬ መውጫ የለም! አንች ልጅ፣ ልቀቂው ያን ብረት!"

ዜማ ለቀቀችው። እስከዚያ የተዘረጋው አሥር ሜትር ብረት በሣሩ ላይ እያፏጨ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ሊደርስ ሲል ጫፉ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰሚሐ ፊት ተወረወረ። እሷ አላየችውም፣ ወረቀቱ ላይ ናት። ከልጆቹም ያየ አልነበረም። ማስተር ገድሉ ግን ሜዳው ላይ ከደረሱ ጀምሮ ያን ጫፍ ሲፈሩት ነው የቆዩት። ዱላው መቼ እንደተነሳ ማንም አላየም። ቋ! ሲል ብቻ ተሰማ። ብረቱ ከጉንጯ አንድ ስንዝር ሲቀረው ሣሩ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ።

ሰሚሐ ዓይኗን በጣቷ ነካችው። በቦታው አለ።

"ማስተር" አለች፣ "እኔ እኮ 'ተነሱ!' ብዬ ላስሮጣቸው ነው።"

"ለሩጫ?"

"ለሩጫ። ፍጥነታቸውን ልለካ። የማጠናው የአያትዎን የዱላ ምክት ነው። ስፖርተኛውን ያፈጥነዋል ወይ፣ እንደ ቅርስስ ይቆጠራል ወይ ብዬ።"

ማስተር ገድሉ ባሉበት ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። "አንች! ገደልሽኝ እኮ!" አሏት። አንቱታው ያን ጊዜ ነው የቀረው።

ልጆቹ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ሰሚሐ ደብተሯን አወጣች። ምን አስበው እንደመከቱ ጠየቀቻቸው።

"ምን አስባለሁ? ፈራሁ፣ መከትሁ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።" ስትጽፈው አይተው ደግሞ ደነገጡ። "አይበለውና ተማሪዎቼ ቢያነቡትስ?"

"ማስተር" አለች ዜማ፣ "እኛ እኮ ድሮም እናውቃለን።"

የቀረው ፎርሙ ነበር። "ቅርሱ የሚገኝበት ቦታ" የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶው ቆመ። ይህችን እንለፋት ብለው ለመኗት። ወረቀቱ አንድ ቢሮ ደርሶ "ለካ እዚያ ባዶ ሜዳ አለ" ቢባልስ? ሰሚሐ ልታጽናናቸው ብላ አልዋሸችም።

"ሊባል ይችላል። ካልተጻፈ ደግሞ፣ ሜዳው በሄደ ማግስት እዚህ ምን እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም።"

ማስተር ገድሉ እስክሪብቶውን መልሰው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ከዚያ በትልልቅ ፊደል "ዘንዘልማ፣ ከኮብልስቶኑ ማለቂያ ያለው ሜዳ" ብለው ጻፉ። ከሥሩ ፈረሙ። የወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን ስም አልነበረም የጻፉት፤ የራሳቸውን ነው።

እውነተኛው ሜትር ገና አልመጣም። እንደሚመጣ ግን እናውቃለን፤ የቀያሾቹ ችካል ከባሕር ዛፎቹ ማዶ ደርሷል። ማስተር ገድሉ በየጠዋቱ ከሥልጠናው በፊት የሜዳውን አራት ማዕዘን እየዞሩ መሬት መሬቱን ያያሉ። ስንስቅባቸው የኖርነው ጎረቤቶችም በየመስኮታችን ሆነን እናያቸዋለን።

ማክሰኞ ዕለት አልወጡም። ሜዳው ባዶውን ታየን። ማን ቀድሞ ከቤቱ እንደወጣ አላውቅም፤ ብቻ ሰባት ሆነን በራቸውን ስናንኳኳ ተገናኘን። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከፈቱልን።

"ምነው? ምን መጣ?"

"ኧረ ምንም" አልን፤ "ማስተርን አይበለውና..."

"ጉንፋን ነው" አሉን።

ከውስጥ የማስተር ገድሉ የታፈነ ድምፅ መጣ። "ሁላችሁም እዚህ ከሆናችሁ ሜዳው ላይ ማን አለ?"

ሰባታችንም ሮጥን።