የሰይድ ጊታርና የዘይነባ ግጥም

እኔ ሠርግ ቤት ተረጋግቼ ጎርሼ አላውቅም። ያ ዘፈን ሲጀመር እግሬ አላርፍ ይለኛል፤ ተነሥቼ ውጭ እወጣለሁ። ሰው ጭፈራ አማረው ይላል። የት አባቴ ጨፍሬ! ዘፈኑ ሲወለድ ከበሮ መቺው እኔ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ የያዘኝ ጭንቀት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኛ ሐይቅ ከተማ ሰው ቁጭ የሚለው ስብሰባ ላይ ብቻ ነበር ብል አጋነንኩ? እንጃ። ለኪነት ቡድናችን ከደሴ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር መጣና ለጓደኛዬ ለሰይድ ደረሰው። ሰይድ ክራር ሲመታ ያደገ ነው። በዚያ ላይ ከደሴ የመጣ አንድ ተማሪ ሮክ የሚባለውን የፈረንጅ ዘፈን በካሴት አሰምቶት ልቡን ወስዶታል። የድምፅ ማጉያ ስላልነበረን የገበሬ ማኅበሩን ማጉያ ተዋስን። እሱ ደግሞ ለስብሰባ ሲጠራበት ከርሞ ሆዱ ተቀድዷል። ሰይድ ጊታሩን ሰክቶ አምባሰልን ቢመታበት ድምፁ ሻከረ፣ አጉረመረመ። ተበላሸ ብዬ ልነቅለው ስል እጄን ያዘኝ። ተወው አቦ፣ ሮክ ማለት ይኸው ነው አለኝ።

ዘፈኑ የተሠራው ለዘይነባ ነው። አባቷ ጋሽ ይመር ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ኮስታራ ሰው ናቸው። ሰይድ ይወዳታል፣ እሷም አትጠላውም። ታዲያ ሽማግሌ አይልክም? አይልክም! መጀመሪያ ዘፈኑ ይለቅልኝ ይላል። ዛሬ አንድ ስንኝ ይጥላል፣ ነገ መልሶ ያነሣል። አንድ የወልድያ ነጋዴ ሽማግሌ መላኩ፣ ጋሽ ይመርም ከአብዮት በዓል ማግስት መልስ እሰጣለሁ ማለታቸው ሲወራ እንኳ የኛ ሰው ክር ያጠብቃል። ስጎተጉተው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይለኛል። የዘገየችውስ ምን በላች? ብዬ ብጠይቀው ጊታሩን መቃኘት ይይዛል።

ዘፈኑ አለቀ ስንል ደግሞ ካድሬው መጣ። ሰምቶ ወደደው፤ ግን ዘይነባ የሚለው ይውጣና አብዮት የሚል ይግባ አለ። አብዮት ሆይ ዓይንሽ ያምራል ሊባል ነው? ብንለው፣ ታዲያ አያምርም ወይ? ብሎ አፈጠጠብን። ማን ደፍሮ አያምርም ይላል!

በዓሉ ውጫሌ ላይ ሆነ። መቅረት ስለማይቻል ጋሽ ይመርም ከፊት ቆመዋል፤ ዘይነባም ከሴቶች ማኅበር ጋር አለች። ሰይድ የአብዮትን ዓይን እያወደሰ የራሱ ዓይን ሴቶቹ ጋ ተተክሏል። እኔ ከበሮውን እየመታሁ ቀን እቆጥራለሁ። ነገ እኮ ነጋዴው መልስ ሊሰጠው ነው!

የአገራችን ደንብ መቼም ይታወቃል። አድማጭ «ተቀበል!» ካለ ዘፋኝ አይመርጥም፤ የተሰጠውን ግጥም እንዳለ ተቀብሎ ያዜማል። ኪነት ላይ ግን ካድሬው ካላየው ግጥም ውጭ ክልክል ነው። ዘይነባ ይህን አታውቅም ወይስ ማወቅ አልፈለገችም? ከሴቶቹ መሀል ብቅ ብላ «ተቀበል!» አለች። ሰይድ አሰበ ብላችሁ ነው? የለመደ አፉን ከፍቶ ተቀበለ። እሷ የሰጠችውን ቃል በቃል በዚያ በተቀደደ ማጉያ ለሀገር አሰማው።

ለሰው ከምትነግር ጊታሩን አስታከህ፣
ላባቴ ንገረው ሽማግሌ ልከህ።

ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ከበሮ መምታቱ ጠፋብኝ። ካድሬው በቁጣ ሊነሣ ሲል ሕዝቡን አየና እሱም አጨበጨበ። ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፉ። ሰይድ ምን እንዳለ የገባው ከዘፈነው በኋላ ነው፤ ጊታሩን ለኔ አሸክሞኝ ከመድረክ ወርዶ ሽማግሌ ፍለጋ ሮጠ።

ጋሽ ይመር ሽማግሌዎቹን ብዙ አላስለመኑም። «ወላሂ፣ ሀገር የሰማውን እኔ ምን ብዬ ልከልክል? ልጄን ሰጥቻለሁ። ያ ጩኸት ግን ልጄ ቤት አይገባም» አሉ። ሰይድ እሺ ብሎ ጊታሩን ለኪነት ቡድኑ መለሰ። እኔ ግን አዘንኩ፤ ዛሬም አዝናለሁ። እንደዚያ ያለ እጅ ሽንኩርት ሲኮተኩት ቀረ።

ዘፈኑስ አልቀረም። ሰይድ ያን ያህል የደከመበት ግጥም ተረስቶ የዘይነባ ሁለት ስንኝ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ዛሬ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ሙሽራ የሚሸኘው በሱ ነው። ጊታር ያነገቱ ጎረምሶች፣ በዘፈን ሚስት ያገኘ ሰው እያሉ ሰይድን ምክር ይጠይቁታል።

በቀደም አንድ ሠርግ ላይ ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ዘፈኑ ተጀመረ። ልወጣ ስነሣ፣ ያን ቀን ያስደፈረሽ መቼም ጊታሩ አንጀትሽን በልቶት ነው አልኳት። ሣቀችብኝ።

«ኧረ ወዲያ! እሱን እንጂ ጩኸቱን ማን ወደደው? አባቴን ጊታሩን አስጥልልኝ ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ።»