በሦስተኛው መስመር ላይ

ትናንት በሕልሜ የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች በሙሉ በአክስቴ በወርቅያንሱ ማሳ ላይ ተዘርተው አየሁ።

የተዘሩት በመስመር ነው። እስከ ጉልበታቸው አፈር ውስጥ ገብተዋል፤ ክራባታቸው በነፋስ ይውለበለባል። ከሁሉም ፊት ኃላፊው አቶ አስማረ ቆመዋል።

መንገድ ዳር ሆኜ ሳቅኩ። ባሕር ማዶ ስምንት ዓመት እርሻ ተምሬ ስመለስ፣ ድጎማ የሚከፈለው ስንዴውን በመስመር ለዘራ ገበሬ ብቻ መሆኑን ያስረዱኝ እሳቸው ነበሩ። አክስቴም በመስመር ዘርታ ክፍያውን ትጠብቃለች፤ ይኸው ሁለት ወሯ። በዚያ ብር ዩሪያ ማዳበሪያ ገዝታ ዝናቡ ሳያልቅ ካልበተነች፣ ስንዴዋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።

ወዲያው መኪኖች ተግተልትለው ደረሱ። ጥቁር መነጽር ያደረጉ ገበሬዎች ወረዱ። ከኋለኛው መኪና አንድ በሬ ወርዶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። አክስቴም እንደነሱ መነጽር አድርጋ በረድፎቹ መሐል እየተዘዋወረች የአንዱን ጆሮ ገልበጥ፣ የሌላውን አገጭ ቀና እያደረገች መረመረች። ገንዘብ ያዡን አይታ፣ ይኼ ቢጫ ሆኗል ብላ አለፈችው።

አቶ አስማረ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እትዬ ወርቅያንሱ፣ ዝናቡ ሊያልፍብን ነው። ድጎማችን መቼ ይደርሳል?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለውን ነበር።»

«አሁንም እዚያው ሂደት ላይ ነው። ሲደርስ እንጠራሃለን።»

ገበሬዎቹ አጨበጨቡ። በሬው ጭብጨባውን ፎቶ አነሳ። እኔ ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ አክስቴን ላቅፋት ወደ ማሳው ሮጥኩ። ጥቂት እንደሄድኩ እግሬ አልነቀል አለ። አጎንብሼ ሳይ ሦስተኛው መስመር ላይ ተተክያለሁ።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ነኝ» አልኳት።

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝና ወደ ጎብኚዎቹ ዞረች።

«ይኼ ከውጭ የመጣ ዘር ነው። አፈራችንን ገና አልለመደም፤ መያዙን እንጃ።»

የተማርኩትን ሁሉ ልነግራት አፌን ስከፍት አቶ አስማረ በሹክሹክታ፣ ዝም ብለህ ቁም፣ የተንቀሳቀሰ ከዝርዝር ይወጣል አሉኝ።

ነቃሁ። አክስቴ ትከሻዬን ይዛ ትነቀንቀኛለች። ነግቷል፤ በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ አንድም ደመና የለውም። በብብቷ የተጠቀለለ ጨርቅ ይዛለች።

ብሩ መጣ ወይ ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ። የሚመጣው ጎብኚ ነው አለችኝ። ጨርቁን ስዘረጋው በትልልቅ ፊደል «በመንግሥት ድጎማ ያማረ ማሳ» ይላል። አቶ አስማረ የላኩት ነው። ጉብኝቱ ከሰመረ ክፍያው ከእሷ እንዲጀመር አደርጋለሁ ብለዋታል፤ ካልሰመረ ስሟ ይሰረዛል።

«ስንዴው እንደሆነ አጭር ነው» አለች ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች። «እንዳይታይ ረጅም ሰው ጨርቁን ይዞ መሐሉ ላይ ይቁም ብለዋል። አንተ ደግሞ ቁመት አለህ ልጄ።»

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። ቦታዬን የሚያሳየኝ ሰው አላስፈለገኝም።