ጋሽ አውቃለሁ ቧንቧ ሲያገኙ

ጉድጓድ በተቆፈረበት ሁሉ አፋፉ ላይ ቆሞ «እዚያ አይደለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ መፍቻዬን ረስቼ ሥራ የሄድኩበት ቀን አለ፣ ይህ ሰው የቀረበት ቀን ግን የለም።

በእህቴ መንደር የዚህን ሰው ወንበር የያዙት ክቡር ጋሽ አውቃለሁ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ጎረቤት ነው፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀብለውታል። የላም ሕመም ያውቃሉ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ያውቃሉ፣ የእኔን ሙያማ ከእኔ በፊት ነው የሚያውቁት።

እህቴ ያስጠራችኝ ከአጥሩ በር እስከ ማድ ቤት የተቀበረው መስመር እያፈሰሰ እናታችን የምትተኛበትን ክፍል ግድግዳ ከሥሩ ስላራሰው ነው። ቤቱ የጭቃ ነው። መስመሩ ቢዘጋ ቤቱ ውኃ ያጣል፤ ቢከፈት ግድግዳው ይጠጣዋል። እናታችን ደግሞ ከአልጋዬ ንቅንቅ አልልም ብላለች።

ገና ዕቃዬን ሳላወርድ ጋሽ አውቃለሁ ዶማቸውን ተሸክመው ከች አሉ። ከረጠበው ግድግዳ ተነሥተን ወደ ዳገቱ እንፈልግ ብላቸው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ውኃ እንደ ሰው ነው፤ ጥላ ይወዳል።»

ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆፈሩ። አፈሩ እንደ ዱቄት ደረቅ። «አሁን አወቅሁት» ብለው ወደ አጥሩ ዞሩ፤ እዚያም ያው ዱቄት። እህቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ጋሼ፣ ግቢውን እኮ አርሰው ጨረሱት፤ ዘር ላምጣልዎ?» አለቻቸው።

ዶማውን አነሡና ሰነዘሩ። ውኃው ፊታቸው ላይ ፈነዳ። የማያፈሰውን፣ ደህናውን የቧንቧ ክፍል በስተውታል። ከአናታቸው እስከ ጫማቸው እየተንጠባጠበ፣ «አላልኩህም? ይኸው አገኘሁት» አሉኝ።

የውኃውን መዝጊያ ልዘጋ ሮጥኩ። ስመለስ የበሱትን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ደህና ያልኩት ብረት ዝገት በልቶት እንደ ቅጠል ሳስቷል፤ በጥፍሬ ብጭረው ተፈረፈረ። እኔ ያሰብኩት የሚያፈሰውን ብቻ ቆርጬ ልቀጥል ነበር። ብቀጥለው ኖሮ ሳይውል ሳያድር ከጎኑ ይፈነዳ ነበር፣ ያውም ከእናቴ ራስጌ። ያለው መላ አሮጌውን ትቶ ከበሩ እስከ ማድ ቤት አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ መቅበር ነው። ያን ሁሉ መሬት ሳየው ቁጭ አልኩ።

ጋሽ አውቃለሁ አልተቀመጡም።

«ጥልቀቱ ምን ያህል ይሁን?»

እኚህ ሰው ሲጠይቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እስከ ጉልበትዎ አልኳቸው። ቆፈሩ። አፋቸውም አላረፈ፣ እጃቸውም አላረፈ። ቧንቧው እንዲደላው ብለው ከሥሩ ድንጋይ ሲደረድሩ እኔ ከኋላ ኋላቸው ፕላስቲኩን እንዳይወጋው እየለቀምኩ ደቃቅ አፈር አነጥፋለሁ። አካፋ ይዞ ብዙ ሰው አግዞኛል፤ እንደ እሳቸው ያለ ግን አላየሁም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውኃውን ለቀቅነው። አንድም መጋጠሚያ አላነባም። ማድ ቤት ባልዲው ውስጥ ውኃው ሲንፎለፎል እናታችን ከአልጋዋ ሆና ተጣራች።

«ተገኘ እንዴ? ማነው ያገኘው?»

ከኪሴ የሙያ ፈቃድ የማይለየኝ እኔ፣ «ጋሼ ናቸው» አልኳት። ውሸትም አልነበረም።

ጋሽ አውቃለሁ ዶማቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁም ረድቶኛል» አሉ።