ዳማዋ በቅሎ ከደጇ ስላልተነሣችበት ዓርብ

በሰውአገኝ ዘመን፣ ከተወለደ በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ ላፕቶፕ ከገዛ በሦስተኛው፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ ኔትወርክ ከተሰደደበት ተመልሶ በነገሠ በዘጠነኛው ቀን፣ ይህ ሰው በላሊበላ ከተማ፣ በበቅሎ አከራዮች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ፣ የላፕቶፑን ፊት በነጠላው ጫፍ ቀስ አድርጎ ይጠርግ ነበር። አቧራው ብዙ አልነበረም፤ ነገር ግን መጥረግ ከመጀመር ይቀላል።

ሰውአገኝ ማለት ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ አጭር፣ በጽሑፍ አንደበተ ርቱዕ፣ በቃል ግን ዲዳ ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ እንግዳ በፊት በር ሲገባ በጓዳ በር የሚወጣ፣ የፈረስ ስሙ አባ ቻርጀር፣ ፈረስ ግን የሌለው፣ የማኅበሩ በቅሎዎችም ሲያዩት ጆሯቸውን የሚጥሉበት ጀግና ነው።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ማኅበሩ ሁለት መዝገብ ነበረው። አንደኛው የመረጃ ቋት ይባላል፤ የትኛዋ በቅሎ በየትኛው ቀን ማንን ይዛ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ እንደምትሄድ በእርሱ ተጽፏል። ሁለተኛው የደንበኞች አገልግሎት ሶፍትዌር ነው፤ እንግዶች የሚጠይቁት፣ የሚያማርሩትና ቀን የሚለውጡት በእርሱ በኩል ነው። ሁለቱም በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ይኖራሉ፤ ነገር ግን በድንበር እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች አይነጋገሩም። በመካከላቸው ሽማግሌ ሆኖ የሚመላለሰው ሰውአገኝ ብቻ ነበር፤ ከአንዱ አንብቦ፣ በሌላው ጽፎ፣ በመጨረሻም ለበቅሎዋ ባለቤት ስልክ ይደውል ዘንድ ይገባው ነበር። ማንበቡን አነበበ፤ መጻፉንም ጻፈ፤ ወደ መደወሉ ሲደርስ ግን ቆይ ከምሳ በኋላ ይላል፣ ከምሳ በኋላም ይመሻል።

ስለዚህም አያ አለሜ፣ የማኅበሩ ባልደራስ፣ ስድስት በቅሎ ያላቸው ዘመዶች አለቃ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ የገብስ አጨዳቸውን ትተው፣ ዳማ በቅሎአቸውን በጌጥ ልጓም ሸልመው፣ ከገበያው ጥግ ፀሐይ እስክትከር ቆመው፣ ቀኑን የለወጠ እንግዳ ሲጠብቁ ዋሉ። በሦስተኛውም ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ደጅ መጥተው፣ ምርኩዛቸውን ተክለው፣ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ያልሰማህ ስማ! እኔ አለሜ ሦስት ቀን ተገትሬ ውያለሁ። እንግዳ ልጭን ነው የመጣሁት ወይስ ለገበያው ዘብ ልሆን? ገብሴ ከማሳው እየረገፈ ነው፤ ወፉ ከኔ ቀድሞ እያጨደው ነው። አራተኛ ጊዜ እንዲህ ከሆንኩ ልጓሜን ይዤ እወጣለሁ፤ ወንድሞቼም ይከተሉኛል፤ ማኅበራችሁም ፈረንጁን በአህያ ይጫን!»

ማኅበሩ ያለው በቅሎ ዘጠኝ ነው። ከዘጠኝ ስድስት ሲወጣ የሚቀረውን ሰውአገኝ ከበሩ ኋላ ቆሞ አሰላ። ወጥቶ ይቅርታ መጠየቅ፣ ከእንግዲህም እደውላለሁ ማለት ይበቃ ነበር። እርሱ ግን ሁለቱን መዝገቦች በአውቶሜሽን አስተሳስራለሁ፣ እንግዳ ቀን ሲለውጥ ቋቱ በራሱ ይስማ፣ የሰማውንም ያለ ሰው አንደበት ወደ በቅሎዋ ባለቤት ስልክ በጽሑፍ ይስደድ ብሎ ወሰነ። የሁለት ደቂቃ ወሬ ፈርቶ የሦስት ቀን ጦርነት ከፈተ።

ከእርሱ ጋር የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ጸሐፌ ትእዛዝ ይማርሽ፣ ማኅተም ያዥ፣ ምላሷ ከማኅተሙ ይልቅ የሚያትም፤ ሊጋባ ደግሰው፣ በጽሕፈት ቤቱ ሥርዓት ዘበኛ የሚባለው፤ ከሦስት ዓይኑ አንዱ የታወረ ማከፋፈያ ሶኬት፤ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ፤ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ የገባለት ጠረጴዛ። ሠራዊቱ ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ማክሰኞ ቋቱ ቁልፍ ካልሰጣችሁኝ አልከፍትም አለ። ቁልፉም አርባ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ ወደ ሊቀ መንበሩ ስልክ የተላከ ነበር። ይማርሽ ከስልኩ እያነበበች፣ እርሱ እየጻፈ፣ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም ጌታውን ተከትሎ ሄደ። ሊጋባ ደግሰው ወጥቶ ሰፈሩን ቃኝቶ ሲመለስ ዐወጀ፦ «የሁሉም ጠፍቷል! የኛ ብቻ አይደለም! እፎይ በሉ!» ሠራዊቱም እፎይ ብሎ ቆሎውን በላ።

በሁለተኛው ቀን ረቡዕ ቁልፉ ገባ፤ ሁለቱም መዝገቦች ታረቁ። በዚህ ጊዜ ሊቀ መንበሩ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ፣ የቅኔ ቤት ልጅ፣ የጨዋነት ምሰሶ፣ ሥራውን ሊባርኩ መጡና መዝገቦቹን የሚያገናኘው ማሽን ሰው ሲጽፍለት ምን ብሎ እንደሚመልስ ጠየቁ። ምንም እንደማይል በሰሙ ጊዜ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መትተው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ሰላምታ የማይመልስ ፍጡር በዚህ ቤት አያድርም! እንደምን ዋላችሁ ላለ ሁሉ እንደምን ዋላችሁ ይባል፤ ሳይታከት ይባል። ሰላምታውም ሳያልቅ ጉዳይ አይነሣ፤ እኛ እንደ ቀረጥ ጠባቂ በር ላይ ምን ፈለግህ አንልም!»

ሰውአገኝ ሽማግሌ አይከራከርም። ቃላቸውን አንድም ሳያጎድል የማሽኑ ሕግ አድርጎ ጻፈው። ጥፋቱም በዚህ ገባ።

ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአዲስ አበባ ከአንድ አስጎብኚ ቤት መልእክት ደረሰ። የማኅበሩ ማሽን እንደ ታዘዘው ሰላምታ ሰጠ። የአስጎብኚው ቤት ሠራተኞች ለምሳ ወጥተው ነበርና በእነርሱ ፈንታ የተቀመጠው የራሳቸው ማሽን፣ እንደምን ዋላችሁ መልእክታችሁ ደርሶናል ሲል መለሰ። የእኛውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ እንደምን ዋላችሁ አለ። ያም መለሰ። ይህም መለሰ። አንዱም እበልጥሃለሁ ሳይል፣ አንዱም ሳይሰለች፣ ሁለቱ ማሽኖች በላስታና በሸዋ መካከል ሲሳለሙ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ሰላምታውም አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ደረሰ።

ከዚያ ሁሉ ሰላምታ ሥር፣ ተራውን በትሕትና የሚጠብቅ አንድ ጉዳይ ነበረ፦ የነገ ዓርብ ሁለት እንግዶች ወደ ቅዳሜ ይዛወሩልን። ከነገዎቹም እንግዶች ስም ጎን በቋቱ የተጻፈችው በቅሎ የአያ አለሜ ዳማ ነበረች። እርሳቸውም ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ። አራተኛው ጊዜ ይህ ነበር።

ሰውአገኝ ስልኩን አነሣ፤ የአያ አለሜን ስም አየ፤ ስልኩን አስቀመጠ። ደግሞ አነሣ፤ ደግሞ አስቀመጠ። ይማርሽም ይህን አይታ ከወንበሯ ተነሥታ፣ እጇን በወገቧ አድርጋ ዐወጀች፦ «አገር ይስማልኝ! ስልክ የሚባል ዕቃ አለ፤ ሲነኩት ይጠራል፤ ከወዲያ በኩል ሰው ያነሣዋል፤ ሰውየውም አይናከስም! አባ ቻርጀር ግን ማሽን ከማሽን አዛምዶ ይኸው ሠርግ ላይ ነው!»

እርሱም ፊቱን ደብቆ ወደ መስኮቱ ዞረ። በዚያን ጊዜ መሪጌታ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከሊጋባ ደግሰው ጋር ተገናኙ። እጅ ነሡ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ደግሰው ጥጃ፣ ስለ መሪጌታ ጉልበት ተጠያየቁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን በእግዚአብሔር ይመስገን ላይ ተደረበ። ሰውአገኝም በሕይወቱ ሙሉ ያየውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለከተው፦ አፋቸው ሲሳለም እግራቸው አይቆምም። እየተላለፉ፣ እየራቁ፣ አንገታቸውን ብቻ ወደ ኋላ አዙረው ይመራረቃሉ። ደግሰው የረሳው ጉዳይ ትዝ ሲለው ደግሞ ቆም አድርጎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም መለሱለት፤ ደግሰው ወደ ዘቡ፣ እርሳቸው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄዱ። ማንም ማንንም አላዋረደም።

ወእምዝ ሰውአገኝ ወደ ላፕቶፑ ተመልሶ፣ የጥንቱን ሕግ ሳይሽር ሌላ ሕግ ጨመረበት፦ ሰላምታን አንድ ጊዜ አሟልተህ መልስ፤ ከዚያ ጉዳይ ካለ ጉዳዩን ፈጽም፤ ጉዳይ ከሌለ መንገድህን ቀጥል። አራት መቶ ዐሥራ ሦስተኛው ሰላምታ መጣ፤ የማኅበሩም ማሽን ዝም ብሎ አለፈ። ተራውን የጠበቀው ጉዳይ ገባ፤ በቋቱ ዓርብ ተሰርዞ ቅዳሜ ተጻፈ፤ ወደ አያ አለሜም ስልክ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ሄደ፦ «እንደምን ዋሉ አያ አለሜ። እንግዶችዎ ቅዳሜ ነው የሚመጡት፤ ነገ አይነሡ።»

ሠራዊቱ እልል አለ። ሰውአገኝም ከእንግዲህ ስልክ እንደማይደውል አውቆ፣ በሕይወቱ ያለውን ደስታ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተነፈሰ።

ወዲያውም ስልኩ ጠራ። አያ አለሜ ነበሩ። እንደምን ዋሉ የተባለ የላስታ ሰው በጽሑፍ አይመልስምና።

ሰውአገኝ ማሽኑን አየው፤ ማሽኑ አፍ አልነበረውም። ይማርሽን አያት፤ እርሷም ጣሪያውን አየች። ስልኩ ሊያቆም ሲል አነሣው። ስለ እናቱ ወገብ ተጠየቀ፣ መለሰ፤ ስለ ዳማዋ ኮቴ ጠየቀ፣ ተመለሰለት፤ ገብሱም፣ ወፉም፣ ላፕቶፑም ሳይቀር ጤናቸው ተጠየቀ። በመጨረሻም የሦስቱን ቀን ጥፋት በገዛ አንደበቱ፣ እየተንተባተበ፣ ይቅር ይበሉኝ አያ ብሎ ተናገረ። አያ አለሜም በስልኩ ውስጥ ይማርሽ እስክትሰማ ድረስ ዐወጁ፦ «ለካ ድምፅ አለህ! እኔ ዲዳ ነው ብዬ ሳዝንልህ ነበር። በል ልጓሜ ከተሰቀለበት አይወርድም፤ ነገ ገብሴን አጭዳለሁ!»

እነሆም በዚያ ዓርብ ዳማዋ በቅሎ ከደጇ አልተነሣችም። ጭድ በላች፤ ዝንብ በጅራቷ መታች፤ ጌታዋም ከወፉ ቀድሞ አጨደ። ኦ ሰውአገኝ፣ አባ ቻርጀር፣ ሁለት መዝገብ አስታርቀህ ሁለት ማሽን አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያሳለምህ፣ አገር ያላቀናህ፣ ምሽግ ያልሰበርህ፣ አንዲት በቅሎ ግን ባለችበት ያቆምህ፣ ስምህ ከጋጣ እስከ ጋጣ ይነገር! ለአንድ ሰው አንድ ቀን መልሰህለታልና፣ በአንድ ስልክም አልሞትህምና።

እርሱ ግን ላፕቶፑን ከደነ፤ በነጠላው ጫፍ አንዴ ጠረገው፤ የቻርጀሩንም ገመድ ጠቅልሎ ከበሩ ኋላ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው።